እጅ የማይታይበት ታብሌት

ደሴ ፒያሳ፣ የዘሀራ ኤሌክትሮኒክስ ሱቅ፣ ከምሳ በኋላ፤ የታፔላ ሠዓሊው ጋሽ ይመር ለአራተኛ ቀን መጥተው ኮምፒውተሩ ፊት ተቀምጠዋል፤ ጠረጴዛው ላይ ሁለት የሥዕል ታብሌቶች አሉ፣ አንዱ አሮጌና እስክሪን የሌለው፣ ሌላው አዲስና ባለእስክሪን።

ዘሀራ፦ ኧረ ጋሽ ይመር፣ አሮጌውን ይተዉት! ብልሽት አለበት አልኩዎት እኮ።

ጋሽ ይመር፦ የቱ ጋ ነው ብልሽቱ? ትናንት ዳር ዳሩ አይጽፍም አልሽኝ። ዳር ዳሩን ዞርኩት፣ ጻፈ። ከትናንት በስቲያ ብዕሩ መሀል ላይ ቀጥ ይላል አልሽኝ። አንድ ሰዓት ሙሉ ስሞነጫጭርበት ዋልኩ፤ እኔ ደክሞኝ ቀጥ አልኩ እንጂ እሱ አላለም።

ዘሀራ፦ ዛሬ ደግሞ ገመዱ ነው። ይላላል።

ጋሽ ይመር፦ እስኪ ጎትቺው። ጎትቺዋ! አየሽ? ከኔ ጥርስ ይሻላል።

ዘሀራ፦ እንደ አባቴ ስለማይዎት ነው የምመክርዎት። አምስት ዓመት ያለፈው ዕቃ ነው። እስክሪን የለው፣ ምን የለው፣ ጥቁር ሰሌዳ። እጅዎ ጠረጴዛ ላይ፣ ዓይንዎ ኮምፒውተሩ ላይ። አዲሱን ይዩታ! መስታወቱ ላይ ራሱ ነው የሚስሉት፤ ብዕሩ የነካበት ቦታ ቀለሙ እዚያው ብቅ ይላል። ልክ እንደ ወረቀት።

ጋሽ ይመር፦ እንደ ወረቀት ከሆነማ ወረቀት ቤት አለኝ።

ዘሀራ፦ ሰው አዲስ ዕቃ ይውሰዱ ተብሎ ይለመናል?

ጋሽ ይመር፦ እኔንም የገረመኝ እሱ ነው። በዚህ ከተማ ያልገባሁበት ሱቅ የለም። ነጋዴ ሁሉ አሮጌውን በማን ላይ ልጣል ብሎ ነው የሚያድረው። አንቺ ብቻ አሮጌውን እንደ ሕፃን ደረትሽ ላይ ታቅፈሽ ትከራከሪያለሽ።

ዘሀራ፦ ለእህትዎ ልጅ አስቤ ነው። ገና ጀማሪ ናት ብለውኝ የለ? ለጀማሪ አዲሱ ይቀላል።

ጋሽ ይመር፦ ሐያት? ሐያት አሮጌ ነገር ነው የምትወደው።

ዘሀራ፦ ማን?

ጋሽ ይመር፦ ሐያት። የእህቴ ልጅ። ኮምቦልቻ የምትማረው።

ዘሀራ፦ ሰኞ ዕለት ስሟ ሰሚራ ነበር።

ጋሽ ይመር፦ ሰሚራ የቤት ስሟ ነው።

ዘሀራ፦ የምትማረውም ወልድያ ነበር።

ጋሽ ይመር፦ ተዛወረች።

ዘሀራ፦ በሦስት ቀን?

ጋሽ ይመር፦ ጎበዝ ልጅ ናት አላልኩሽም?

ዘሀራ፦ እናቴን ጠየቅኳት፣ ጋሽ ይመር። «ይመር ታፔላ? የምን እህት! የሰባት ወንዶች መጨረሻ ነው እሱ» አለችኝ።

ጋሽ ይመር፦ እናትሽ ድሮም የሰው ዘመድ መቁጠር ትወዳለች።

ዘሀራ፦ እንግዲያው ሳይዋሹ ይንገሩኝ። ታብሌቱ ለማን ነው?

ጋሽ ይመር፦ ለእኔ ነው። ምነው፣ ክልክል ነው?

ዘሀራ፦ ኧረ ምን ክልክል አለው! ይቺን ለመናገር ነው አራት ቀን ሙሉ?

ጋሽ ይመር፦ በስልሳ ስድስት ዓመቴ ገብቼ «ታብሌት ፈልጌ ነው» ብልሽ፣ «ፋርማሲው ጎን ነው፣ አባባ» ብለሽ በሩን አታሳዪኝም ነበር?

ዘሀራ፦ አያስቁኝ፣ ተቆጥቻለሁ። ምን ሊሠሩበት ነው ታዲያ?

ጋሽ ይመር፦ ሰይድን ታውቂዋለሽ፣ ሰኞ ገበያ መውረጃው ላይ ባነር የሚያትመውን።

ዘሀራ፦ ማን የማያውቀው አለ? ፒያሳ ላይ የተሰቀለው ሁሉ የእሱ አይደል።

ጋሽ ይመር፦ ቀለም እየበጠበጠልኝ እኔ ጋ ነው ያደገው። እኔ ከላይ ታፔላ እጽፋለሁ፣ እሱ ከታች መሰላል ይይዛል። አንድ ቀን ማተሚያ ማሽን አስገባና መሰላሉን ለቀቀብኝ።

ዘሀራ፦ ወደቁ?

ጋሽ ይመር፦ በእግሬ አልወደቅኩም። ሥራው ነው የወደቀው። ከዚያ በኋላ ማን ቀለም ይጠብቃል? ጠዋት ያዝዛሉ፣ ከሰዓት ይሰቅላሉ።

ዘሀራ፦ ተኳረፍን ይበሉኛ።

ጋሽ ይመር፦ አልተኳረፍንም። እሱ መንገድ ላይ ሲያየኝ ጎንበስ ብሎ ሰላም ይለኛል፣ እኔ ቀና ብዬ ባነሩን አያለሁ። አንዴ «እንኳን ደህና መጡ» የሚለውን «እንኳን ደህና መጠ» ብሎ አትሞት፣ ሄጄ የነገርኩት እኔ ነኝ።

ዘሀራ፦ ይሄ እንኳ ደግ ነገር ነው።

ጋሽ ይመር፦ ሦስት ወር ከሳቅኩበት በኋላ።

ዘሀራ፦ ያ አላህ!

ጋሽ ይመር፦ ባለፈው ወር ታዲያ ቤቴ መጣ። «ጋሼ» አለኝ፣ «ደንበኛ የኮምፒውተር ፊደል ሰለቸው። ሁሉም ሱቅ አንድ ዓይነት ሆነ፤ የድሮውን የይመርን ፊደል ነው የሚሉኝ። ከ‹ሀ› እስከ ‹ፐ› በኮምፒውተር ይጻፉልኝ፣ ከዚያ በኋላ የማትመው ሁሉ በእርስዎ እጅ ጽሑፍ ይወጣል። ታብሌቱን እርስዎ ይምረጡ፣ መግዛቱን ለኔ ይተዉት።»

ዘሀራ፦ ቆይ፣ ቆይ። ሰይድ ነው የሚገዛው?

ጋሽ ይመር፦ ሰይድ ነው።

ዘሀራ፦ የመረጡትን?

ጋሽ ይመር፦ የመረጥኩትን።

ዘሀራ፦ ታዲያ ሰው በሌላ ሰው ኪስ አሮጌ ይመርጣል?

ጋሽ ይመር፦ ቆጣቢ ሰው ነኝ።

ዘሀራ፦ ለሰይድ? መሰላል ለለቀቀብዎት ሰውዬ?

ጋሽ ይመር፦ ቂም አልይዝም።

ዘሀራ፦ ሦስት ወር ባነር ላይ ሲስቅ የከረመው ማን ነበር?

ጋሽ ይመር፦ ደግሞስ አዲሱ ድራይቨር ያስፈልገዋል አሉኝ። በዚህ ዕድሜዬ ሾፌር ከየት ልቅጠር?

ዘሀራ፦ ጋሽ ይመር፣ ድራይቨር ማለት እኮ ሾፌር ሳይሆን ኮምፒውተሩና ታብሌቱ የሚግባቡበት...

ጋሽ ይመር፦ አውቃለሁ። ሰይድ አስረድቶኛል። ነገር ላስቀይርሽ ብዬ ነው።

ዘሀራ፦ አይቀየርም። ወንበሩን ወደዚህ ሳብ ያድርጉና አዲሱ ላይ አንድ ፊደል ይጻፉልኝ። አራት ቀን ሲመላለሱ አሮጌው ላይ ብቻ ነው የሚያጎነብሱት፤ አዲሱን ነክተውት አያውቁም።

ጋሽ ይመር፦ መነጽሬን ረስቼዋለሁ።

ዘሀራ፦ ግንባርዎ ላይ ነው።

ጋሽ ይመር፦ እጄ ደንዝዟል። የደሴን ብርድ ታውቂው የለ።

ዘሀራ፦ ሻይ ይምጣልዎት?

ጋሽ ይመር፦ አይ፣ ሻይ አልፈልግም! አምጪ ብዕሩን። ምን ልጻፍ?

ዘሀራ፦ የሚኮሩበትን።

ጋሽ ይመር፦ «ሐ»ን እጽፍልሻለሁ። ወደዚያ ዞር በይ፣ ትንፋሽሽ ይረብሸኛል።

ዘሀራ፦ ዞሬያለሁ።

ጋሽ ይመር፦ ጨረስኩ። ግን ይሄ... ምንድን ነው ይሄ?

ዘሀራ፦ ኧረ ያምራል! እንዴት ቀጥ ብላለች! አላልኩዎትም?

ጋሽ ይመር፦ የኔ አይደለችም።

ዘሀራ፦ አሁን በእጅዎ ጽፈው?

ጋሽ ይመር፦ የኔ «ሐ» መሀለኛዋ እግሯ አጠር ትላለች፣ ጫፏም ትንሽ ወደ ውጭ ትረግጣለች። አርባ ሁለት ዓመት እንደዚያ ነው የጻፍኳት። ይቺ ሰልፍ ላይ የቆመች ወታደር ናት። ዘሀራ፣ ምን አደረግሽ?

ዘሀራ፦ እኔ? ምንም።

ጋሽ ይመር፦ ዘሀራ።

ዘሀራ፦ ትንሽ... ማስተካከያውን ከፍቼው ነበር። የተንጋደደ መስመር ሲያገኝ ራሱ ያቃናል። ደንበኛ ይወደዋል። አዲሱ ቶሎ የሚሸጠው በሱ ነው።

ጋሽ ይመር፦ ፊደሌን ካውያ አስነካሽብኝ በይኛ!

ዘሀራ፦ ለጥሩ ብዬ ነው።

ጋሽ ይመር፦ ዝጊው። አሁኑኑ ዝጊው። ተንጋዶም ቢሆን የራሴ ይሁን።

ዘሀራ፦ ዘጋሁት። እሺ፣ እንደገና ይጻፉ።

ጋሽ ይመር፦ ዞር በይ አልኩ እኮ።

ዘሀራ፦ አሁንስ አልዞርም። በዞርኩ ቁጥር አንድ ሰበብ ያመጣሉ።

ጋሽ ይመር፦ እንግዲህ ካልዞርሽ...

ዘሀራ፦ ምን ሆኑ? ለምን መጻፍ አቆሙ?

ጋሽ ይመር፦ ጠረጴዛው ይነቃነቃል።

ዘሀራ፦ አይነቃነቅም።

ጋሽ ይመር፦ መኪና አልፎ ይሆናል።

ዘሀራ፦ መኪናም አላለፈም፣ ጋሽ ይመር።

ጋሽ ይመር፦ አየሽው አይደል?

ዘሀራ፦ አየሁት።

ጋሽ ይመር፦ እንግዲህ ካየሽው ዝም በይ። ከዚህ ሱቅ እንዳይወጣ።

ዘሀራ፦ እጅዎ እንዲህ የሚሆነው ከመቼ ጀምሮ ነው?

ጋሽ ይመር፦ አምና ክረምት ላይ ጀመረኝ። መጀመሪያ ብርድ መሰለኝ። በጋ ሲመጣም አልተወኝም። የኋላ ኋላ ብሩሽ ስይዝ የሱቁን ስም ግድግዳው ላይ ሁለት ጊዜ ደራርቤ የጻፍኩት እስኪመስል ድረስ መንቀጥቀጥ ሆነ።

ዘሀራ፦ ሐኪም አላዩም?

ጋሽ ይመር፦ አይቻለሁ። «በዚህ ሰው አይሞትም፣ ሲጨነቁ ነው የሚብሰው፣ አብሽር» አለኝ። ታፔላ ጸሐፊ መሆኔን አልነገርኩትም።

ዘሀራ፦ እትዬ ከድጃስ ያውቃሉ?

ጋሽ ይመር፦ ሚስቴ? አንድም ቃል ተናግራኝ አታውቅም። ግን አምና ከክረምቱ ወዲህ ሻዬን ግማሽ ብርጭቆ ነው የምትቀዳልኝ። «ለምን ግማሽ?» ብዬ አልጠየቅኳት፣ እሷም «ለምን ይፈሳል?» ብላ አልጠየቀችኝ።

ዘሀራ፦ ለዚህ ነው ሻይ ስል የጮኹብኝ።

ጋሽ ይመር፦ አንቺ ጢም አድርገሽ ነው የምታመጪው።

ዘሀራ፦ ይቅር ይበሉኝ። ግን አንድ ነገር አልገባኝም። እጅዎ እንደዚህ ከሆነ፣ ያ አሮጌው ደግሞ ይብሳል እንጂ እንዴት ይሻላል?

ጋሽ ይመር፦ አምጪው። ብዕሩንም። አሁን እጄን አትዪ፣ ኮምፒውተሩን እዪ።

ዘሀራ፦ እሺ፣ እያየሁ ነው።

ጋሽ ይመር፦ እዪዋ... መጣች... መሀለኛዋ እግሯ... እነሆ! ምን ትያለሽ?

ዘሀራ፦ ኧረ ወላሂ! እጅዎ እኮ... ማስተካከያ ሳይኖረው! እንዴት ነው ይሄ?

ጋሽ ይመር፦ ሰኞ ዕለት ዝም ብዬ ስነካካው ነው ያገኘሁት። አዲሱ ላይ ስጽፍ እጄ ከፊደሉ በላይ ተጋድሞ ይታየኛል። የማየው ፊደሉን አይደለም፣ እጄን ነው። «አሁን ሊጀምረው ነው» እላለሁ፣ ይጀምረዋል። አሮጌው ላይ ግን እጄ እዚያ ታች የራሱ ጉዳይ ነው። እኔ ቀና ብዬ ፊደሌን ብቻ አያለሁ። ካላየሁት ይረሳዋል። ትንሽ ትንሽ ይነካካዋል እንጂ እንደዚያ አያተራምሰውም።

ዘሀራ፦ እኔ ደግሞ «አንገት ያሳምማል፣ እጅ አይታይበትም» እያልኩ ነበር የማጣጥልብዎት።

ጋሽ ይመር፦ ባጣጣልሽው ቁጥር እኔ ይበልጥ እየወደድኩት ሄድኩ። ሰይድ ማተሚያ ቤቱ ሁለቱም ዓይነት አለው፣ እዚያ ሄጄ መሞከር እችል ነበር። ግን ያ ልጅ እጄን ካየ አለቀልኝ። መሰላል ላይ ቆሜ በአንድ ትንፋሽ መስመር ስዘረጋ ያየኝ ልጅ ነው። አሁን እንደዚህ ሆኜ እንዲያየኝ አልፈልግም።

ዘሀራ፦ አብሽሩ፣ ከኔ አይሰማም።

ጋሽ ይመር፦ እንግዲህ እኔ የሆዴን ዘረገፍኩልሽ። አሁን ተራው ያንቺ ነው።

ዘሀራ፦ የኔ ምን?

ጋሽ ይመር፦ አሮጌውን ለምን እንደማትሸጪው።

ዘሀራ፦ ብልሽት አለበ...

ጋሽ ይመር፦ ዘሀራ! ይሄን አሁን ጨርሰነዋል።

ዘሀራ፦ የሱቅ ዕቃ ነው፤ ያው እንደማንኛውም ዕቃ...

ጋሽ ይመር፦ ትናንት አንቺ ለዚያ ሰውዬ ቻርጀር ስትፈልጊ እኔ የማላውቀውን ነገር ነካሁ። ኮምፒውተርሽ ላይ ጃንጥላ የያዘ ጅብ ወጣብኝ።

ዘሀራ፦ ምን?

ጋሽ ይመር፦ ጅብ። ጃንጥላ ይዞ ከጦሳ ተራራ ሲወርድ። ልዘጋው ስል ሌላ ገጽ መጣ። ጅቡ ታክሲ ተራ ቆሟል፣ ሰው ሁሉ ከፊቱ ያለውን ቦታ ለቆለታል። ልዘጋው ስል ሌላ መጣ።

ዘሀራ፦ ስንት ገጽ አዩ?

ጋሽ ይመር፦ ሃያ ሁለቱንም።

ዘሀራ፦ ሲዘጉ ሲዘጉ?

ጋሽ ይመር፦ መዝጋት አልችልበትም አልኩሽ እኮ።

ዘሀራ፦ የሰው ነገር መክፈት ነውር ነው፣ ጋሽ ይመር!

ጋሽ ይመር፦ ነውር ነው። ግን ሳቄን መያዝ አቅቶኝ ለቻርጀር ሰውዬው «ጉንፋን ይዞኛል» ብዬ አስነጠስኩ። ማን ነው የሳለው?

ዘሀራ፦ እኔ ነኛ። በዚሁ ታብሌት። ከትምህርት ስወጣ አባቴ የገዛልኝ ነው። የልጆች መጽሐፍ ልሠራበት ሁለት ዓመት ተቀመጥኩ። ዝናብ የሚፈራ ጅብ አለ፣ ደሴ ደግሞ ዝናብ አይጠፋ። ጃንጥላ ሊገዛ ከተማ ይወርዳል።

ጋሽ ይመር፦ ታዲያ መጽሐፉ የታለ?

ዘሀራ፦ አዲስ አበባ አንድ አሳታሚ ጋ ወሰድኩት። ሰውየው ገልበጥ ገልበጥ አደረገና «ጅብ ጃንጥላ አይዝም» አለኝ።

ጋሽ ይመር፦ ምን?

ዘሀራ፦ «ለልጆች እውነታውን ነው ማስተማር ያለብን፣ ጅብ ጃንጥላ አይዝም» አለ። ጅቡ አማርኛ መናገሩን ግን አልተቃወመም።

ጋሽ ይመር፦ አንቺ ምን አልሽው?

ዘሀራ፦ አመስግኜ ወጣሁ። አውቶቡስ ላይ ደሴ እስክደርስ አለቀስኩ። ከዚያ ሱቁን ከፈትኩ። አንድ ቀን ተናድጄ ታብሌቱን ከሚሸጡት ዕቃዎች ጋር መደርደሪያ ላይ አስቀመጥኩት። ማንም መጥቶ በጠየቀኝ ቁጥር ግን አፌ ራሱ «ብልሽት አለበት» ይላል። ሦስት ዓመት ሆነው።

ጋሽ ይመር፦ ሦስት ዓመት አልሳልሽም?

ዘሀራ፦ አንዲት መስመር።

ጋሽ ይመር፦ የኔን ስሚኝ። ድሮ አንድ ሉካንዳ ቤት በሬ ሳልኩ። ፈገግ ያለ በሬ። ባለቤቱ እየጮኸ መጣ። «ሰው በሬው ያሳዝነኛል እያለ ሥጋ ሳይገዛ ይመለሳል፣ ፈገግታውን አጥፋልኝ!» አለኝ።

ዘሀራ፦ አጠፉት?

ጋሽ ይመር፦ መነጽር ጨመርኩለት።

ዘሀራ፦ ጉድ! ሰውየው ዝም አለዎት?

ጋሽ ይመር፦ ሳምንት ሙሉ ሲፈልገኝ እኔ ሐይቅ ከተማ ዘመድ ጋ ነበርኩ። ስመለስ ሰው ሁሉ «ባለመነጽሩ በሬ ጋ እንገናኝ» ማለት ጀምሯል። ሰፈሩ በበሬው ተጠራ። ሉካንዳው ከተዘጋ ስንት ዓመቱ ነው፣ ዛሬም ባጃጁ ያንን ቦታ ምን ብሎ ነው የሚጠራው?

ዘሀራ፦ መነጽሩ ጋ። ያ የእርስዎ ነው እንዴ?

ጋሽ ይመር፦ የኔ ነው። በሬ መነጽር አያደርግም ያለኝ ሰው ግን አሁን ስሙ እንኳ ጠፍቶኛል።

ዘሀራ፦ እንግዲህ... ይውሰዱት፣ ጋሽ ይመር።

ጋሽ ይመር፦ ምኑን?

ዘሀራ፦ አሮጌውን። መደርደሪያ ላይ አቧራ ከሚጠጣ ፊደል ይጻፍበት። ለእርስዎ ከሆነ አፌ «ብልሽት አለበት» አይልም።

ጋሽ ይመር፦ ከአባትሽ እጅ የተቀበልሽውን?

ዘሀራ፦ አባቴም ቢሆን የእርስዎን ታፔላ ይወድ ነበር። ግን አንድ ነገር ልንገርዎት። አራት ቀን ሙሉ የጻፏቸው ፊደሎች የሉም።

ጋሽ ይመር፦ የት ሄዱ?

ዘሀራ፦ ሴቭ አላደረጓቸውም። መብራት ሲጠፋ አብረው ጠፉ።

ጋሽ ይመር፦ እኔ ከመሰላል ከወረድኩ በኋላ ታፔላውን «እዚያው ቆይ፣ እንዳትጠፋ» ብዬ አላውቅም!

ዘሀራ፦ ይሄኛው ካልነገሩት ይጠፋል። ከሁለት መቶ በላይ ፊደል እንዲህ እየጠፋ እንዴት ሊጨርሱ ነው? የሚያስቀምጥልዎት፣ የሚያስተካክልልዎት ሰው ያስፈልግዎታል።

ጋሽ ይመር፦ ካውያ ሳያስነካ።

ዘሀራ፦ ካውያ ሳያስነካ። ብቻ ሰው ይፈልጉ። እኔ ሱቅ አለኝ፣ ቀድሜ ልንገርዎት።

ጋሽ ይመር፦ እኔ አንቺን አልኩሽ? ስልኬን አቀብይኝ፣ ለሰይድ ልደውል።

ዘሀራ፦ ይኸው። ቁጥሩን ልምታልዎት?

ጋሽ ይመር፦ እሱስ ብዙ አያቅተኝም። ... ሄሎ፣ ሰይድ? ይመር ነኝ። ደህና ነኝ፣ አልሐምዱሊላህ። ስማኝ፣ አሮጌውን ነው የመረጥኩት። ለምን አትበለኝ... እህ... ቆይ ልንገርህ። እጄ ይንቀጠቀጣል። ሰማኸኝ? እጄ ነው ያልኩህ... ምን? ታውቃለህ?

ዘሀራ፦ ያውቃል?

ጋሽ ይመር፦ ከመቼ ጀምሮ? ... የማን ሠርግ? ... እሱስ ልክ ነህ፣ ሾርባው የፈሰሰው እኔ ላይ ነበር። እና ዓመት ሙሉ ዝም አልከኝ? ... ታዲያ በታብሌት ጻፍልኝ ያልከኝ... ለዚህ ነው እንዴ? ... ደንበኞቹስ? ... እሺ። ... እሺ፣ ይበቃል፣ ሰው ፊት ነኝ።

ዘሀራ፦ ምን አለዎት?

ጋሽ ይመር፦ «ደንበኞቹም እውነት ነው፣ እርስዎም እውነት ነው፤ ብሩሽዎን ሰቅለው ቤት ሲቀመጡ ማየት አልቻልኩም» ይላል። መሰላል ያዥ! ... አለሁ፣ ሰይድ። መስመሩ ተቆራርጦ ነው። ስማ፣ ሌላ ደግሞ አለ። አዲሱንም ትገዛለህ። ... ሁለቱንም ነው የምልህ። ... አሮጌው ለኔ፣ አዲሱ ለረዳቴ። ... አዎ፣ ረዳት አግኝቻለሁ። ኮምፒውተሩን እንደ እጇ መዳፍ የምታውቅ፣ እጇ ደግሞ ቀጥ ያለ። ከፊደሉ ሥራ በተረፈው ሰዓት ታብሌቱ ለጅብ ይውላል። ... ጅብ! ጅብ አልኩህ፣ መስመሩ ደህና ነው! ሲያልቅ ታትምልናለህ።

ዘሀራ፦ ጋሽ ይመር!

ጋሽ ይመር፦ ባለሱቋ ናት፣ ዘሀራ። ... ተስማምታለች ወይ? አልነገርኳትም፣ አሁን እየሰማች ነው።

ዘሀራ፦ ስልኩን ይስጡኝ።

ጋሽ ይመር፦ ቆይ እንጂ፣ ልጨርስ...

ዘሀራ፦ ይስጡኝ አልኩ! ... ሰይድ? ዘሀራ ነኝ። አሮጌው የኔ ነው፣ አይሸጥም፣ በውሰት ይሠሩበታል። የአዲሱን ሒሳብ ነገ ጠዋት መጥተህ ክፈል። አንድ ነገር ብቻ ተሳስተው ነግረውሃል፣ አስተካክለህ ያዝ፦ ረዳቱ እሳቸው ናቸው።